ሰባት ቤት ሲቆጠር ያልተጠራው አጎት

ዘር ቆጣሪው ዛሬም ሰውን ሁሉ ፈጅቶ ጠበቃት።

ደብሪቱ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ቤተ ሙከራው ውስጥ ካለው የማሽኑ መስተዋት ፊት ቆመች። ባዶ መንደር፣ ባዶ አልጋ፣ ባዶ የሕፃናት ክፍል። "አሁንስ አበዛኸው!" አለችው ማሽኑን።

የምትኖርባት መንኮራኩር ስም ምንጅላት ነው። አዲሲቱን ምድር ለሚረግጡት ሰዎች የዛሬዎቹ ተሳፋሪዎች ምንጅላቶቻቸው፣ የሩቅ ቅድመ አያቶቻቸው፣ ይሆናሉና። ሰው ጥቂት ስለሆነ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ድሮ ሽማግሌ ይቆጥረው የነበረውን አሁን የሚቆጥረው ዘር ቆጣሪው ነው። ወደ ኋላ ብቻም አይደለም፤ የተሳፋሪውን ሁሉ ዘረመል ወስዶ ገና ያልተወለዱትን የልጅ ልጆች ኑሮ በመስተዋቱ ላይ ያሳያል።

ሸንጎው ደግሞ ወንፊት አዝዟል። ወንፊት ማለት ገና በብልቃጥ ያለውን ጽንስ መርጦ ማስቀረት ነው። የሚቀረውን የምትለየው ደብሪቱ ነበረች። በዘር ከሚተላለፍ የደም በሽታ ቀጥላ ወደ መሰል ጾታ የመሳብ ዝንባሌ ያላቸውንም ጨመረች። "ውሃችን ልክ ነው፤ ለማያፈራ ዛፍ የሚተርፍ የለንም" ስትል ሸንጎው አጨበጨበላት። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ያሰበችው ዛፍን ሳይሆን አጎቷን ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የእናቷ ወንድም ጋሼ ምናሉ እንደ ሁልጊዜው ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተዋል። እሳቸውና የውሃ ቧንቧ ጠጋኙ ድንበሩ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ አርጅተዋል። መንደሩ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን ብቻ አሾለከች።

"ሽሮው ትኩስ ነው፤ በይ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።"

"እሺ ጋሼ፣ ይሂዱ በቃ። ሥራ ላይ ነን።"

"ማን ነው?" አለ ባልደረባዋ ተካልኝ ከውስጥ።

"ምግብ አመላላሹ ነው።"

በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። የጋሼ ምናሉ ኮቴ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ደብሪቱ እስከ ጆሮዋ ጋለች። ምሳ ዕቃውን ሳትከፍት ወደ ጥግ ገፋችው።

"ማሽኑ ተበላሽቷል" አለች።

"ያለ ወንፊቱ ስናስኬደው ግን ደህና ነው እኮ" አለ ተካልኝ። "እስቲ ቀስ አድርገን እንየው። ሰዉ እንዴት ነው የሚያልቀው?"

አዩት። መጀመሪያ የሴቶቹ መውለድ ቀነሰ። በማሽኑ ስሌት፣ ወንዱን ወደ ወንድ የሚስበው ዘረመል እኅቱ ዘንድ ሲገኝ ወላድ ያደርጋት ኖሯል፤ ወንፊቱ አንዱን ሲጥል ሌላውንም ጥሏል። ሌላም ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ያሳያቸው ይህን ነበር። ቀጥሎ ወረርሽኝ ገባ። ወላጆች ሞቱ። ጎረቤቱ ሁሉ በራሱ ልጆች ተይዟል፤ እጁ ነጻ የሆነ አጎትም አክስትም በመንደሩ የለም። አንዲት ትንሽ ልጅ ወንድሟን አዝላ በር ስታንኳኳ ታየች። የከፈተላት አልነበረም።

"ማሽኑስ ደህና ነው" አለ ተካልኝ። "የተሳሳትነው እኛ ነን። ሰባት ቤት ስንቆጥር የወለደውን ብቻ እንጠራለን። ያሳደገውን ማን ይጠራዋል?"

ደብሪቱ የራሷን ልጅነት አስታወሰች። የታችኛው ወለል አየር አጥቶ እናት አባቷ የሞቱ ጊዜ እሷም ወንድሟን አዝላ በር አንኳኩታ ነበር። የከፈቱላት ጋሼ ምናሉ ናቸው። ድንበሩ ከራሱ የውሃ ድርሻ ቀንሶ ሕፃኑን አጠበው። እሷ ደግሞ አድጋ፣ ተምራ፣ እንደ ሁለቱ ያለውን ሰው በወንፊት ልታስቀር ተነሳች። አፈረች፤ ተካልኝን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በዚያው ቀን ሸንጎ ፊት ቀርባ ያንን መስፈርት ከወንፊቱ አስነሳች። ከዚያም ወደ አጎቷ ቤት ሮጠች።

"ጋሼ፣ የምሥራች! ማሽኑ አረጋገጠ። እንደ እናንተ ያለ ሰው ከሌለ መንደሩ ይጠፋል። ጥቅም አላችሁ!"

ጋሼ ምናሉ የሚያጥቡትን ሳህን አስቀመጡ። ድንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ቁጥሩ በሌላ በኩል ቢወጣስ ኖሮ፣ ልጄ?" አሉ ጋሼ ምናሉ፣ ያለ ቁጣ። "ለማንም የማንጠቅም ሆነን ቢያገኘንስ ምን ልታደርጊን ነበር?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እንዳትል፣ መንኮራኩር ውስጥ ምድር የለም። ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣች መስሏት ነበር፤ ለካ ፈተና ማለፋቸውን ልትነግራቸው ነው የመጣችው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የቤተ ሙከራውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ጠበቀች። ጋሼ ምናሉ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ግን ከደፉ ውጭ ቆሙ።

"ምግብ አመላላሹ ነኝ" አሉ ፈገግ ብለው።

ተካልኝ ቀና አለ። ደብሪቱ ብድግ አለች። ፊቷ እንደ ትናንቱ ጋለ፤ የዛሬው ኀፍረት ግን በራሷ ነበር።

"አጎቴ ናቸው" አለች። "ያሳደጉኝ እሳቸውና ጋሼ ድንበሩ ናቸው።" ድንበሩን ጋሼ ብላ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። "ይግቡ ጋሼ። አብረን እንብላ።"

ጋሼ ምናሉ እግራቸውን አነሱ፤ መልሰው አሳረፉት። በዚህ በር ይግቡ ተብለው ስለማያውቁ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" ብለው ጠየቁ።