ብናኙ የዞረው ሰው

ውሸት ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ፤ እዚያ የነበርነው እኔና እህቴ ብቻ ነን።

ያለፈው ጥቅምት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ የተከራየነው ወፍጮ ቤት ውስጥ።

በቆሎ እየፈጨን መብራት ጠፋ። ለእኛ አዲስ አይደለም። ግን እህሉ ወፍጮው ውስጥ ተቀረቀረ።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ ማብሪያውን ታወርዳላችሁ፣ ከዚያ ነው እጅ የሚገባው። መብራቱ ድንገት ከመጣ ክንድ ይዞ ይሄዳል።

ማብሪያውን እኔ ራሴ አወረድኩት። ታናሽ እህቴ ልክነሽ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች። እኔ መጥረጊያ ላመጣ ወደ ውስጠኛው ጥግ ሄጄ ዞር አልኩ።

ፀሐይዋ በበሩ በኩል ፊት ለፊት መጣችብኝ። የዱቄት ብናኝ ወደ ፀሐይ ስታዩ ያበራል፤ ለፀሐይ ጀርባ ከሰጣችሁ መኖሩም አይታወቅም። ቤቱ በሙሉ ያበራ ነበር...

ከማብሪያው አጠገብ በቀር።

እዚያ ብናኙ ባዶ ቦታ ትቷል። ቁመቱ የሰው ነው። ራስ አለው... ትከሻ አለው...

ብናኙ ዞሮት ያልፋል፤ አንዲት ቅንጣት አትገባበትም።



"ልክነሽ..." አልኩ በሹክሹክታ። "አጠገብሽ ማነው?"

ቀና ብላ አየች። ፀሐይዋ ከኋላዋ ናት።

"ማንም የለም፣ እትዬ።"

ባዶው ክንድ ዘረጋ። ቀስ ብሎ... ወደ ማብሪያው።

ቀጭ።

ፊት የለውም፤ እንደሚጠላን ግን ገባኝ።

"እጅሽን አውጪ።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ..."

ሮጬ በቀሚሷ ጎትቼ ጣልኳት። ወዲያው መብራት መጣ፣ ወፍጮውም አጓራ።

ማብሪያውን መልሼ አወረድኩት። ልክነሽ ወደ ጥጉ ሸሸች። አሁን ወደ ፀሐይ የምታየው እሷ ናት። እኔ ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ፤ ምንም አይታየኝም።

"ሄደ?" አልኳት።

ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"ልክነሽ... ሄደ ወይ?"

"አትንቀሳቀሺ፣ እትዬ" አለች። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ። ብናኙ እያረፈ ነበር፤ ወለሉም ጫማዬም ነጭ ሆነዋል።

ከጫማዬ ፊት፣ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ዱቄት ያልነካቸው ሁለት የባዶ እግር ቅርጾች አሉ።

ጣቶቻቸው ወደ እኔ ዞረዋል።