የመጋዙ ማዶ

ጫካ ውስጥ አየሁ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የማላግጠው እኔ ነበርኩ፣ አንዱ ዛር ሲል፣ አንዱ ጅን ሲል፣ «የጠጣኸው ጠላ ነው» ብዬ ወሬውን የምዘጋው እኔ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሥራዬ ዛፍ መቁረጥ ነበር። ዛሬ የሞተር መጋዝ ሲጮህ ስሰማ ይህም ሥራ ተብሎ እላለሁ፣ ምክንያቱም በእኛ ጊዜ መጋዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፣ ማዶ ያለው ሰው ሲደክመው፣ ሲናደድ፣ ሲርበው ሁሉ በእጀታው ታውቀዋለህ። የእኔ ማዶ አያ ሰይድ ነበር፣ የጎንደር ልጅ፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ሥራ ላይ ዝምተኛ፣ ከሥራ ውጭ ግን በሳቅ የሚገድል ሰው። ከወንድሜ አብልጬ አምነው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ማዶ ያለውን ሰው ካላመንክ ትልቅ ዛፍ ሥር አትቆምም።

የድሮ ቆራጮች አንድ ደንብ ነበራቸው፣ ከዛፉ ስትርቅ መጋዙን እንጨቱ ውስጥ አትተወውም፣ ነቅለህ ታወጣዋለህ። ለምን ስንላቸው፣ እጀታው ባዶ ከሆነ ሌላ ይይዘዋል ይሉናል። እኔ ልጆችን ሊያስፈራሩ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ያን ቀን ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ዳገቱ ላይ አንድ ዝግባ ይዘናል፣ ግንዱ ከመወፈሩ የተነሳ ማዶ ያለው ሰው አይታይም። መውደቂያውን በምሳር ከፍተን፣ ከጀርባው መጋዙን አስገብተን፣ እንጨቱ እንዳይነክሰው ሽብልቅ መትተንበት፣ ገና ግማሽ ስንደርስ ውኃ አለቀብን።

«መጋዙን እናውጣው» አለ አያ ሰይድ።

«ተወው እስቲ፣ ሽብልቁን ነቅለን ደግሞ ልንመታ ነው? ምንጩ እዚህ አይደል?» አልኩት። ቅር እያለው ጀሪካኑን አንስቶ ወረደ።

እሱ እንደወረደ ጉም ዳገቱን ሸፈነው። ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ሳሽ መጋዙ አንዴ ሲፋጭ ሰማሁ፣ በእኔ በኩል ያለው እጀታም ወደ ግንዱ ሄዶ ቆመ። ሰውየው ምነው እንዲህ ፈጠነ ብዬ ተነስቼ ያዝኩ። ሳብኩ፣ ለቀቀልኝ፣ ሳበ፣ ለቀቅኩለት። እመኑኝ፣ እንደዚያ ያለ ሸጋ አሳሳብ በዕድሜዬ አላየሁም፣ አይጎትት፣ አይጫን፣ ድካሜን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው ይመስላል። ደስ ብሎኝ «አያ ሰይድ፣ ምንጩ ውስጥ ምን ጠጥተህ መጣህ?» ብዬ አሾፍኩበት። መልስ የለም። ዝምተኛ ነው ብያችኋለሁ፣ ግን ዝምተኛም ይተነፍሳል፣ ያቃስታል፣ ያስላል፣ ከማዶ ግን ትንፋሽ የሚባል አይሰማም፣ መጋዙ ብቻ ይሄዳል ይመጣል።

ያን ጊዜ ከጀርባዬ፣ ከቁልቁለቱ በኩል፣ ጀሪካን ውስጥ ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ከዚያም የአያ ሰይድን ሳል።

እጀታውን ለቀቅኩ። ወደ ግንዱ ሄደ፣ ደግሞ ወደ እኔ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ ከዚያ እንጨቱ መሰንጠቅ ጀመረ። «ሽሽ!» ብዬ ጮህኩ፣ ለየትኛው እንደጮህኩ ዛሬም አላውቅም፣ ወደ ጎን ተወርውሬ ወደቅሁ፣ ዝግባውም መሬቱን አናወጠው። ዞሬ ባይ ማዶ ማንም የለም። የማዶውን እጀታ ነካሁት፣ ይሞቃል፣ ሰው አሁን እንደለቀቀው።

አያ ሰይድ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ዛፉን አላየም፣ እኔን ነው የሚያየው።

«ምነው፣ በየት በኩል ቀደምከኝ?» አለኝ።

«ከየት?»

«ከምንጩ ነዋ። እስከ ታች ድረስ ከኋላዬ እየመጣህ ስታወራኝ አልነበር?»

«እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፣ አያ ሰይድ።»

ምን አልኩህ ብዬ ብጠይቀው ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። «እሱን ከነገርኩህ ሁለተኛ ዓይን ለዓይን አንተያይም» አለኝ። ከዛፉ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ መጋዝ ይዘን አናውቅም። ጎንደር ገብተን እሱ ሱቅ ከፈተ፣ እኔ ጣውላ ቤት ተቀጠርኩ፣ ለዒድ እሄዳለሁ፣ ለፋሲካ ይመጣል፣ ግን ሲጨብጠኝ እጄን ይዞ ይቆያል፣ ይመዝነዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብሎ ፊቴን የሚያየው። ከእኔ ጋር መሳቁንም ተወ። እኔም ወዳጄን እዚያ ዳገት ላይ ያጣሁት ይመስለኛል፣ ያንገበግበኛል።

በቀደም ታሟል አሉኝና ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ልጁ ዘይነብ፣ ነርሷ፣ በሩን ከፍታ ስታየኝ ክው አለች።

«ጋሼ አድማሱ፣ መቼ ወጡ? አሁን እኮ ነው ለእርስዎና ለአባባ ሻይ አቅርቤ የመጣሁት።»

ይህን ስትል ከጓዳው የአያ ሰይድ ሳቅ ተሰማ፣ ያ የድሮው፣ በእንባ የሚያልቀው ሳቅ። አንድ ሰው ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ ያወራዋል።

ገብቼ ማየት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን እምቢ አለ። ዘይነብ «ይግቡ እንጂ» እያለችኝ፣ ደጁ ላይ ቆሜ ሳቁን አዳመጥኩና ተመለስኩ።

ትናንት ደወለልኝ። «አድማሱ፣ ስለመጣህ ሸጋ አደረግህ፣ ልቤ ቀለለኝ፣ እንግዲህ አልጠረጥርህም» አለኝ። እኔም ከደጅ እንደተመለስኩ አልነገርኩትም።