ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ

«መጥቻለሁ አልኩ እኮ! ስድስቱንም ቀን መጥቻለሁ!»

ይህን ያለችው በየጠዋቱ እየሮጠች ስለምትገባ ሯጯ የሚሏት ተማሪ ናት። ምክትል ርዕሰ መምህሯ የኮምፒውተሩን ስክሪን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እናትየዋ አዞሩት። እናትየዋ ከልብስ ስፌት ቤት ተጠርተው ነው የመጡት። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ እጅጌያቸው ላይም ሰማያዊ ክር ተጣብቋል። ስክሪኑ ላይ ከልጃቸው ስም ትይዩ ስድስት ጊዜ «ቀሪ» ተጽፏል።

«ስድስቱም ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው» አሉ ምክትሏ። «በሁለቱም ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ።»

ሽቦ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሽቦ ያሏት ቀጭን ስለሆነችና ቦርሳዋ ኬብል ስለማይለየው ነው። በር ላይ ካርድ እያስጠጉ መግባት የተጀመረው እሷና ጓደኛዋ በኮምፒውተር ክበብ በሠሩት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከገባ ወዲህ መምህራኑ ስም መጥራት ትተዋል፤ ደስ ብሏቸው ነው የተዉት። ዛሬ የተጠራችው ለምስክርነት ነበር።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው። ሊሳሳት ይችላል?» አሏት ምክትሏ።

ሽቦ ጥያቄው ራሱ አናደዳት። ባለፈው ሳምንት ሦስት የእሷ ክፍል ልጆች ፎርፈው ፑል ቤት ውለው፣ ሲያዙ «ማሽኑ ነው» ብለው ነበር። የፎረፈ ሁሉ ስንት ምሽት የለፋችበትን ሥራ መሸሸጊያ ሊያደርገው ነው?

«ካርዱን ካስጠጋች ይመዘግባታል። ማሽን አይዋሽም ቲቸር» አለች ፍርጥም ብላ።

ሯጯ ደብተሯን አወጣች። የስድስቱም ቀን ትምህርት ከነቀኑ ተጽፏል። ምክትሏ ገለጥ ገለጥ አደረጉትና «ከጓደኛ መገልበጥ ይቻላል» ብለው መለሱላት። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ጠዋት መጥታ «አብረን ነበርን» ብላ ነበር፤ እሷም «ለጓደኛሽ ብለሽ ነው» ተብላ ተሸኝታለች።

«ስድስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። ዝርዝሩ ዓርብ ይለጠፋል።»

እናትየዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ወንድምሽን መዋዕለ ሕፃናት አድርሺው ብዬ አምኜ ስልክሽ… ከዚያ በኋላ የት ነበር የምትሄጂው?» አሉ።

ሯጯ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ስትወጣ ሽቦን አየቻት። በጥላቻ ቢሆን ሽቦ ትችለው ነበር፤ ያየቻት ግን ልክ እንደማያውቃት ሰው ነው።

ማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ሽቦ በጠዋት መጥታ ከበሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቆመች፤ እውነቱን ለመናገር ሯጯን እጅ ከፍንጅ ልትይዛት ነው። ካርድ ማንበቢያው በሩን ተጠግቶ ባለው የቢሮው መስኮት ላይ ተገጥሟል፣ ኮምፒውተሩ ከመስኮቱ ውስጥ የምክትሏ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደወሉ ሊደወል ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሯጯ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አለች። እየበረረች ነው። በአንድ እጇ የወንድሟን ትንሽ ሹራብ ይዛለች፤ ሳትሰጠው ረስታ መሆን አለበት። ካርዷን አስጠጋች፣ ማንበቢያው ጢ! አለ፣ አረንጓዴው በራ፣ ገባች።

«ይኸዋ! ስትፈልግ ትመጣለች» አለች ሽቦ ለራሷ።

በእረፍት ሰዓት ቢሮ ገብታ ዝርዝሩን ከፈተች። ከሯጯ ስም ትይዩ «ቀሪ» ይላል።

ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየችው። ቀሪ። በዓይኗ በብረቱ ያየቻትን ልጅ፣ የገዛ ፕሮግራሟ አልመጣችም አለ! ደሟ ፈላ። ትናንት በሰው እናት ፊት «አይዋሽም» ብላ የማለችለት ማሽን ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ እየዋሸ ነው።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንዳለቀ ኮምፒውተር ክፍል ገብታ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ትፈትሽ ጀመር። አብሯት የሠራው ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀምጦ ያያታል። ዲፕሎማት ይሉታል፤ የተጣላ ማስታረቅ፣ መምህር ማሳመን፣ የተበላሸ ነገር ማለሳለስ እሱን የሚያህል የለም። ደግሞም በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም።

ምዝገባውን የሚያካሂደው ክፍል ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። «ስህተት ቢመጣ» የሚል መስመር አለ። ከሥሩ ምንም የለም። ስህተት ቢመጣ ምንም አታድርግ፣ ለማንም አትንገር፣ ዝም ብለህ እለፍ ማለት ነው።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

ዲፕሎማት አንገቱን አሰገገ። «የቱን?»

«አትቀልድብኝ! እኔ አልጻፍኩትም። ከእኔ ሌላ ደግሞ ያለኸው አንተ ነህ።»

«እሺ እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን ሊያዩ እንግዶች የመጡ ጊዜ ያ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ሲያስቸግረን…»

«አስተካክዬዋለሁ ነበር ያልከኝ!»

«ታዲያ ከዚያ ወዲያ ቀይ ወጣ እንዴ?»

ሽቦ መስመሩን አጠፋችው፤ ከዚያ ጠዋት ቢሮ እንደሚደረገው ስክሪኑ ላይ የተማሪዎቹን ዝርዝር ከፍታ፣ የራሷን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ባለው መሞከሪያ ማንበቢያ ላይ አስጠጋች። አረንጓዴው በራ። ስክሪኑ ላይ ግን ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ አልተመዘገበም፤ ግንኙነቱ በሌላ ትእዛዝ ተይዟል።

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። በፕሮግራሙና መረጃው በተቀመጠበት ዳታቤዝ መሀል ድራይቨር የሚባል ተላላኪ ይመላለሳል። የእነሱ ተላላኪ ያለው መስመር አንድ ነው፤ የያዘውን ትእዛዝ ሳይጨርስ ሁለተኛ አይቀበልም። ምክትሏ የሰልፍ ተረኛ በሚሆኑባቸው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የተማሪዎቹን ዝርዝር ይከፍታሉ። የመጀመሪያውን ገጽ፣ አርባ ስም ያያሉ፤ ከዚያ ሻያቸውን ይዘው ወደ ሰልፉ ይወጣሉ። ቀሪው ስምንት መቶ ስም ገና ሳይነበብ ተላላኪው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በዚያ መሀል ካርድ ያስጠጋ ልጅ ቢኖር «ሥራ ላይ ነኝ» ይባላል። አረንጓዴው መብራት ካርዱ መነበቡን እንጂ ስሙ መጻፉን አይናገርም።

ፕሮግራሙን ሲሞክሩት ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሠሩት። እሷ ካርድ ስታስጠጋ እሱ እያጨበጨበ።

ዝርዝሩን አጣራችው። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ «ቀሪ» የተባሉ አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሉ። ብዙዎቹን ታውቃቸዋለች። ከሩቅ ሰፈር በእግራቸው የሚመጡ ናቸው፣ ታናናሾቻቸውን የሚያደርሱ፣ ውኃ ቀድተው የሚወጡ። ማንም ያላመናቸው ለዚህ ነው፤ አርፋጅ የሚል ስም አስቀድሞ ወጥቶላቸዋል።

«ስማኝ» አለችው። «ልጅቷ ፈተና ልትከለከል ነው! እናቷ የት ነበርሽ አሏት፣ ሰማህ? እናቷ!»

«ቆይ ረጋ በይ፣ ምን ያስጮህሻል? ቀላል ነገር ነው።» ዲፕሎማት ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ግንኙነቱ የሚከፈትበት መስመር ላይ «በአንድ ግንኙነት ብዙ ትእዛዝ፦ አይ» ይላል። «ይቺን ‹አይ› ‹አዎ› አድርጊያት። አለቀ። ከነገ ጀምሮ ዝርዝሩም ይከፈታል፣ ምዝገባውም ይሄዳል። ማንም አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ይሄንኑ ፕሮግራም የምናቀርብበት ውድድር አለብን፣ አትርሺ።»

«ያለፉት ስድስት ቀኖችስ?»

«እነሱማ… የትም አልተጻፉም፤ ከየት ታመጫቸዋለሽ?»

«አንተ ስላጠፋሃቸው ነዋ! ስህተቱ ሲመጣ ቢናገር ኖሮ በመጀመሪያው ማክሰኞ እናውቅ ነበር። አንተ ግን አፉን ዘጋኸው! ቀሽም! ፈሪ!»

የዲፕሎማት ፊት ቀላ። ሲናደድ አይታው አታውቅም። «እኔ ብቻዬን? የዚያን ቀን ምን እንዳልሽኝ ልንገርሽ? ‹የፈለግከውን አድርግ፣ ብቻ እንግዶቹ ፊት ቀይ እንዳይወጣ› ብለሽኛል። ያልሽውን ነው ያደረግኩት። ማሽን አይዋሽም ያልሽውም እኔ አይደለሁም።»

ሽቦ አስታወሰችው። ብላዋለች። እንዲያውም ኬብል በጥርሷ ይዛ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ነው ያለችው። እሱን ልትሰድብበት ያዘጋጀችው ሁሉ ዞሮ እሷው ላይ ወደቀ፤ ንዴቱ ግን አልበረደም።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ለምክትሏ? ደብተር አሳይተዋቸው አላመኑም። ሰው መስክሮ አላመኑም። አንቺንም ለጓደኛሽ ብለሽ ነው ይሉሻል። እሳቸው እንደሆነ የሚያምኑት ስክሪኑን ብቻ ነው።»

ሐሳቧን ሊያስቀይራት ብሎ የተናገረው ነው። እሷ ግን ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። «አይ» የምትለዋን ቃል ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሁለት ፊደል ናት፤ ለማስተካከል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን አዲሱን ፕሮግራም አዘጋጀች። ስህተት የሚደብቀው መስመር አሁን የለበትም። «አይ»ን አልነካቻትም።

«ሳታስተካክዪው?» አለ ዲፕሎማት።

«ሐሙስ ከሰዓት አስተካክለዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ግን ይናገር።»

ሐሙስ ጠዋት ሽቦ «የምፈትሸው ነገር አለኝ» ብላ ቢሮ ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አዲሱን ፕሮግራም ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ጭናዋለች፤ ዲፕሎማት ቀኑን ሙሉ አላናገራትም። ምክትሏ ዝርዝሩን ከፈቱ፣ አርባውን ስም አዩ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን አነሱና ተነሱ።

«ቲቸር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ቁጭ ይበሉልኝ። እባክዎን።»

«ሰልፍ አለኮ!»

«አምስት ደቂቃ።»

ምክትሏ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ካርድ ያስጠጋ የለም። ሽቦ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ሯጯ ባትመጣስ? ትናንት እንኳ ክፍል ውስጥ ራሷን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነው የዋለችው ብለዋታል። ከዚያ ያ የምታውቀው የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ካርዱ መስኮቱ ላይ አረፈ፣ አረንጓዴው በራ፣ ስክሪኑም ከነስሟ በቀይ ጻፈ፦ አልተመዘገበም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ምክትሏ።

መልስ ሳያገኙ ማንበቢያው እንደገና ጢ! አለ። ሁለተኛ ቀይ መስመር ወጣ። የዲፕሎማት ስም ነው። አርፍዶ የማያውቀው ልጅ ከሯጯ ኋላ ካርዱን እንደያዘ ቆሟል፤ ጥግ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ቆይቶ መሆን አለበት። ሽቦን በመስኮቱ አያትና ዓይኑን ሰበረ።

ምክትሏ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ መስኮቱ ላይ የቆሙትን ሁለት ልጆች አዩ። ሁለቱም ፊት ለፊታቸው አሉ፣ ስክሪኑ ደግሞ የሉም ይላል። ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱ።

ሽቦ ተነሳች። «ቲቸር፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሁሉንም አስረዳዎታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ናቸው፣ ስማቸውን ጽፌ ይዣለሁ። ግን ሰኞ ዕለት የተናገርኩት እናቷ ባሉበት ነው።»

ምክትሏ የቢሮውን ስልክ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

ሽቦ መስኮቱን ከፈተች። ሯጯ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፤ ያስጠጋችውን ካርድ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«የእናትሽ ቁጥር ስንት ነው?» አለቻት ሽቦ።