ቅጠል የማይሆን መስመር

«ማንም አያውቅብንም። እነዚያኑ መስመሮች መልሰሽ ሳዪልኝ፤ የአንቺ እጅ እንደሆነ አይስትም» አለች የፈርሂያ አክስት፣ ሀበርያር ካፊያ፣ ሻሿን ከደረቷ ገለጥ አድርጋ።

ፈርሂያ የሂናዋን ቱቦ እንደያዘች ቀረች። ባለፈው ሳምንት ሐረር ሆስፒታል ለካንሰሩ ሕክምና ብለው በአክስቷ ደረት ላይ ያሰመሯቸው ምልክቶች የሉም። ነገ ካፊያ ልጇን ትድራለች፤ ጅግጅጋ ውስጥ ደግሞ ቀሲል ሳትቀባ ልጇን የምትድር እናት የለችም። ጠዋት አረንጓዴውን የቅጠል ዱቄት በጥብጣ ገላዋን ስታሽ መስመሮቹም አብረው ታጠቡ።

«ሰኞ ጨረሩን ልጀምር ነው። ምልክቱ ጠፋ ብል ተራዬን ለሌላ ሰው ቢሰጡብኝስ? ስንት ወር ነው የጠበቅኩት!»

ፈርሂያም ፈራች። መሳሉማ አያቅታትም፤ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የሚያስጠራው እሷን ነው። ነፋሱ መጋረጃውን ሲነፋው ክፍሉ ውሃ ውስጥ ያለ መሰላት፤ አክስቷን አጅባ ሐረር የሄደች ዕለት ኮምፒውተር ላይ ያየችው ምስልም ተመልሶ መጣባት። «ጨረሩ በዚህ በኩል ይገባል» ብላት ነበር ባለሙያዋ እፀገነት። «ይሄ ደግሞ ልቧ ነው። ይሄ ሁሉ ልኬት እሱን እንዳንነካ ነው።» ከዚያ ወዲህ ፈርሂያ ጨረሩን በሕልሟ ታየዋለች። ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው፣ ምልክቶቹን ተከትሎ ቀስ ብሎ ይገባና የአክስቷን ልብ ወደ ጎን ትቶ ያልፋል።

ቱቦውን ወደ ቆዳው አስጠጋች። ሂና ስትስል እጇ ሸርተት ካለ መስመሩን ቅጠል ታደርገዋለች፤ እስካሁን ማንም ነቅቶባት አያውቅም።

«ሀበርያር፣ የግራው መስመር እዚህ ነበር ወይስ እዚህ?»

«እዚያው አካባቢ ነው ባክሽ!»

አካባቢ። ፈርሂያ ቱቦውን ከቆዳው አራቀች።

«አልስልም። ለእፀገነት ልደውልላት።»

«ይቆጡኛል፣ ፈርሂያ።»

«እኔ አስረዳታለሁ። ሰኞም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ሰኞ ፈተና አለብኝ ስትዪ አልነበር እንዴ?»

«አለብኝ። ቲቸርን እለምናለሁ፤ እምቢ ካለም እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ካፊያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሻሿን መለሰችና መዳፏን ዘረጋችላት።

ፈርሂያ ደውላ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። እየጠራ ሳለ የአክስቷን መዳፍ ይዛ መሳል ጀመረች። ዓይኗን ወደ ስልኩ ስትወረውር የመጀመሪያው መስመር ሸርተት አለባት። ቅጠል አደረገችው።

«ሄሎ?» አለ የእፀገነት ድምፅ።

«ሄሎ፣ ፈርሂያ ነኝ» አለች። «ምልክቶቹ ጠፍተውብናል።»