ጭማሪው ቆሟል

አቶ ፍቅረማርያም የተገኙት አልጋቸው ላይ በግራ ጎናቸው እንደተኙ፣ አንድ እጃቸውን ወደ ወለሉ እንደዘረጉ ነው። ስልካቸው ከጣታቸው አንድ ስንዝር ርቆ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ማክሰኞ ጠዋት ያገኘቻቸው በየቀኑ እየመጣች የምትረዳቸው ስመኝ ነበረች። ኮቷን ሳታወልቅ ግንባራቸውን ነካች፤ ቀዝቅዟል። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ፊት ለፊት ያለውን በር ደበደበች። ምን ብላ እንደጮኸች ግን በኋላ ልታስታውስ አልቻለችም።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የ2022 ጥር፣ የኮሮና ወረርሽኝ እንደገና ያገረሸበት ወር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው በዚያ ሕንፃ ውስጥ በሁለት ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው በአምቡላንስ ተወስዷል። ስለዚህ ነጭ የለበሱት የአምቡላንስ ሰዎች ሲመጡ በሩን ከፍቶ ያየ አልነበረም። ሁሉም ከበሩ ኋላ ቆሞ ያዳምጣል።

መርማሪ ፀደንያ በአካባቢው ፖሊስ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። የተጠራችው ለቤተሰቡ አስተርጓሚ ትሆናለች ተብሎ ነበር። አንደኛው የአምቡላንስ ሠራተኛ የሟቹ የደም ስኳር እጅግ ወርዶ እንደነበር ነገራትና አልጋው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አሳያት። እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ የኢንሱሊን መርፌ ተቀምጦበታል። ወገቡ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተጠምጥሞበታል።

አቶ ፍቅረማርያም ዓይነ ስውር ነበሩ። ለሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ስኳር ዓይናቸውን ወሰደባቸው። የሚወስዱት ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ነው። አንዱ ከምግብ ጋር በጥቂቱ የሚወሰድ፣ ቶሎ የሚሠራ፤ ሌላው በመኝታ ሰዓት በዛ ብሎ የሚወሰድ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ። ሁለቱም በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት አንዱ ላይ በሚጠመጠመው ላስቲክ ብቻ ነው። መጠኑን የሚለኩት መርፌው ሲዞር የሚያሰማውን ጠቅታ እየቆጠሩ ነበር።

«ላስቲክ ያለው የቱ ነው?» ስትል ፀደንያ ስመኝን ጠየቀቻት።

«የመኝታው ነው። ሁልጊዜ የመኝታው ነው። ትናንት ምሳ ላይም እሱ ላይ ነበር።»

ፀደንያ መርፌውን በጓንት አንስታ ጽሑፉን አነበበች። ላስቲክ የተጠመጠመበት የምግቡ ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የዓይነ ስውር ማቀዝቀዣ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ቦታ አለው። እንቁላል በስተቀኝ፣ ቅቤ ከሱ ቀጥሎ፣ ወተት በሩ ላይ ታች፣ የመርፌው ሣጥን በሩ ላይ ከላይ። ሣጥኑ ውስጥ የመኝታው መርፌ ያለ ላስቲክ ተቀምጧል። በሩ ላይ ያለው ወተት ግማሽ ደርሷል። ያልተከፈተ አዲስ ወተት ደግሞ በውስጠኛው መደርደሪያ፣ ከካሮቱ ኋላ ተወትፏል። ፀደንያ ወተቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ስመኝንም ጠራቻት። ስመኝ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ወተቱ እዚያ እንዳልነበረ፣ እሷም እዚያ እንደማታስቀምጥ፣ አቶ ፍቅረማርያምም ዕቃ ከቦታው ሲነሳ በጣም ይቆጡ እንደነበር ነገረቻት።

በዚያ ቀንና በማግስቱ ፀደንያ አራት ሰው አነጋገረች።

ስመኝ ማልቀሷን ስታቆም ብዙ ተናገረች። በወረርሽኙ ምክንያት የሥራ ሰዓቷ ለጊዜው ተጨምሮላታል፤ መቼ እንደሚቀነስ የሚነግራት የለም። ለአቶ ፍቅረማርያምም መንግሥት በምግብ መግዣ ካርዳቸው ላይ የሚያስገባው ገንዘብ በየወሩ በጭማሪ ይመጣ ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት ግን ጭማሪው ቆሟል ተባሉ። ከዚያ ወዲህ እራታቸው ሻይና ዳቦ ሆነ። ሱሪያቸው እየሰፋ ሄዶ ቀበቶአቸው ላይ በቢላ አዲስ ቀዳዳ የበሳችላቸው እሷ ናት። ስለ ካርዱ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ታነብላቸው እንደሆነ ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች። እንግሊዝኛው ይከብዳታል። የሚያነብላቸው ምግብ የሚያመጣላቸው ደሳለኝ ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ንጉሡ ሀያትስቪል የምትባል ጎረቤት ከተማ ይኖራል፣ ሁለት ሥራ ይሠራል። እሁድ ዕለት በስልክ ተጣልተው ነበር። እሱ ወንድሙን የአረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባቸው ፈለገ፤ እሳቸው እንቢ አሉ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ ግን የሥራ ባልደረባው ስለታመመ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አናገራቸው።

ንጉሡ እውነቱን እንደሆነ ያረጋገጡት ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤት አቶ ዋቅጅራ ናቸው። አንድ እግራቸውን ያጡ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ፣ ደብዳቤያቸውን ራሳቸው የሚያነቡ የቀድሞ መምህር ናቸው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በሮቻቸውን ከፍተው ሦስቱም በኮሪደሩ ላይ ተነጋግረዋል። ንጉሡ ደፉን አልረገጠም። ፀደንያ ልትነሳ ስትል አቶ ዋቅጅራ አንድ ነገር ጨመሩ፤ የእሳቸው ጭማሪ አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም። እሁድ ዕለት ይህንኑ ለአቶ ፍቅረማርያም ሲነግሯቸው ሰውየው ወደ ውስጥ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ፀደንያ የወንዙን ድልድይ ተሻግራ ከማዶ ያለችው ከተማ አሌክሳንድሪያ የደረሰችው ረቡዕ ነው። የደሳለኝ ሱቅ ቀድሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፤ ኪራይ ሲወደድበት ወደዚህ አዛወረው። ወረርሽኙ ሲገባ መውጣት ለማይችሉ አሥራ አንድ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች ምግብ ማድረስ ጀመረ። ካርዳቸውን ይይዝላቸዋል፣ ደብዳቤአቸውን ያነብላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሙ በምስጋና ይጠራል። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ፊቱ ሰው የሚያሳምን ሰውዬ ነው።

«ጭማሪው መቆሙ ነው የሰበራቸው» አላት። «ባለፈው ሳምንትም ደብዳቤ መጥቶ ነበር፣ አነበብኩላቸው። ከእንግዲህ አይኖርም ይላል። ተስፋ ቆረጡ። እግዚአብሔር ይማራቸው እንጂ ምን እላለሁ?»

«ሰኞ አይተዋቸዋል?»

«ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ጊዜው እንደምታውቂው ነው፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ማንም ቤት አልገባም።»

ይህን ሲል በቀኝ እጁ የግራ እጁን አንጓ ይዞ ነበር። ፀደንያ አመስግናው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ስልክ ደወለች፤ የአቶ ፍቅረማርያምን የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የምግብ ካርዳቸውን ታሪክ ጠየቀች።

ዓርብ ጠዋት አራቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሁሉም ጭምብል አድርገዋል፣ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ንጉሡ የወንድሙን ጃኬት ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስመኝ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አቶ ዋቅጅራ በሩ አጠገብ ናቸው። ደሳለኝ መስኮቱ ስር ወንበር ላይ ነው።

ፀደንያ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያገኘችውን ደብዳቤ አወጣች።

«አቶ ደሳለኝ፣ ለእሳቸው እንዳነበቡላቸው አድርገው ያንብቡልን።»

ደሳለኝ መነጽሩን ረስቶ እንደመጣ ተናገረ። እሷም ደብዳቤውን ለአቶ ዋቅጅራ አቀበለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አነበቡና ቀና አሉ።

«በወረርሽኙ ምክንያት የሚሰጠው ጊዜያዊ ጭማሪ ለአንድ ወር ተራዝሟል ነው የሚለው።»

«ተራዝሟል?» አለ ንጉሡ።

«በየወሩ ይህ ደብዳቤ ይመጣል» አለች ፀደንያ። «በየወሩ ለአንድ ወር ብቻ ይራዘማል። የሚቀጥለው ወር ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ቆሟል ቢል የሚጠራጠረው የለም። ጭማሪው በአቶ ፍቅረማርያም ካርድ ላይ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲገባ ነበር። በገባ በማግስቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይወጣል፤ አሌክሳንድሪያ ያለው ሱቅ ውስጥ።»

ማንም ደሳለኝ ወደተቀመጠበት መስኮት አላየም።

ፀደንያ ቀጠለች። ሰውየው ራሳቸውን አላጠፉም አለች። ሰኞ ጠዋት በአስተርጓሚ ካርዱን ከሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ ጋር ሃምሳ ደቂቃ ተነጋግረው ጭማሪው እንዳልቆመ አውቀዋል። ገንዘቡ ቀረ ብለው ተስፋ ሊቆርጡ አይችሉም። ደግሞም ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው በምግቡ መርፌ ላይ ላስቲክ ማድረግ አያስፈልገውም። ላስቲኩ ያስፈለገው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው በመኝታ ሰዓት የመኝታውን መርፌ ያነሱ መስሏቸው ያንን ሁሉ ጠቅታ ቶሎ ከሚሠራው ከምግቡ መርፌ እንዲወስዱ የፈለገ ሰው። ለእራት የወሰዱት ጥቂቱ ከመኝታው መርፌ ስለነበር ምንም አልተሰማቸውም።

«ታዲያ ላስቲኩን ማን አዛወረው? ስመኝ ምሳ ላይ ትክክል ሆኖ አይታዋለች።»

«እሷ ናታ እንዲህ ያለችው» አለ ደሳለኝ ዝግ ብሎ። «ማን ያውቃል?»

ስመኝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ» አለች ፀደንያ። «ግን ስመኝ ማክሰኞ ጠዋት ብቻዋን ነው የገባችው። ጥፋተኛ ብትሆን ላስቲኩን ወደ ቦታው መልሳ የጎረቤቱን በር ልታንኳኳ ትችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ላስቲኩ እዚያው የቀረው ያዛወረው ሰው ተመልሶ መግባት ስላልቻለ ነው። አቶ ንጉሡ ደፉን አልረገጠም፤ አቶ ዋቅጅራ ዓይናቸውን ከእሱ አላነሱም። ከምሳ እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ከመጡት የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም በሩ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ ይላል።»

ከዚያ ስለ ወተቱ ነገረቻቸው። አቶ ፍቅረማርያም ዕቃ ሲያስገቡ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ያኖራሉ፤ ያለዚያ አያገኙትም። ያንን ወተት ከካሮት ኋላ የወተፈው ዓይን ያለውና የቸኮለ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ የሕንፃው መግቢያ ካሜራ ደሳለኝን ሲገባና ሲወጣ ቀርጾታል። በመካከሉ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ አለ።

«ከቢሮው ጋር ከተነጋገሩ በኋላ የደወሉት ለእርስዎ ነው፣ አቶ ደሳለኝ። አራት ደቂቃ። ምን አሉዎት?»

ደሳለኝ ጭምብሉን ዝቅ አደረገ።

«አልተቆጡም» አለ። «ቢቆጡ ይሻል ነበር። ወተት ይዘህ ና፣ ፊት ለፊት እንነጋገር አሉኝ። ስመጣ አስገቡኝ፣ ወንበር ሰጡኝ። ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቁኝም። አሥራ አንዱም እንደዚሁ ናቸው ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እንግዲያው እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፣ ራስህ ደውለህ ንገራቸው፣ አንተ ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉ። ከዚያ ሽንት ቤት ሄዱ። እኔ ዕቃውን ወደ ማቀዝቀዣው አስገባሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልተናገረም። ንጉሡ ተነስቶ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደና ቆመ። ጃኬቱን አልለቀቀም።

«ይራብ ነበር» አለ። «እኔ የመጦሪያ ቤት እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ ወንድሜ ይራብ ነበር።»

ውጭ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ገብተው ደሳለኝን ወሰዱት። ኮሪደሩ ላይ ሲያልፍ ከየበሩ ኋላ የሰዎች ትንፋሽ ይሰማ ነበር፤ አንድም በር ግን አልተከፈተም።

በሱቁ መሳቢያ ውስጥ የቀሩት አሥር ካርዶች ተገኙ። ለየባለቤቶቻቸው የመመለሱን ሥራ ፀደንያ ለሌላ ሰው አልሰጠችም። ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ይዛ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የጡብ ሕንፃ ምድር ቤት ሄደች። እማማ አየለች ይባላሉ። በስትሮክ ግማሽ ሰውነታቸው አይታዘዝም፤ ከተሽከርካሪ ወንበር አይነሱም፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ግማሽ ከረጢት ሩዝና ጨው ብቻ አየች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ማን እንደወሰደባቸው፣ ለስንት ወር፣ አቶ ፍቅረማርያምም እንዴት እንደሞቱ። አሮጊቷ አቶ ፍቅረማርያምን አያውቋቸውም ነበር፤ ስማቸውን ግን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙ፣ ነፍሱን ይማር አሉ። ካርዱን በደህናው እጃቸው ይዘው ገለባበጡት።

«የዚህ ወር ጭማሪ ገብቷል ነው የምትይኝ?»

«ዛሬ ገብቷል።»

«የሚመጣው ወርስ?»

ፀደንያ ከካርዱ ጋር ያመጣችውን ደብዳቤ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስለሚመጣው ወር የሚል ነገር የለውም።

«አላውቅም፣ እማማ። ማንም የሚያውቅ የለም።»

እማማ አየለች ሻርፓቸውን ከወንበሩ ላይ ሳብ አድርገው አንገታቸው ላይ መጠምጠም ጀመሩ።

«እንግዲያው ሳይቆም ሱቅ አድርሺኝ» አሉ። «እንቁላል አምሮኛል።»

ፀደንያ ሻርፑን አስተካክላ አሰረችላቸው፣ የወንበሩን ፍሬን ለቀቀችና ወደ ብርዱ ገፋቻቸው።