ከሁለተኛው አልበም የጠፋችው

ናሆም እንደ ልማዱ ምሳውን በልቶ ምድር ቤት ወዳለው ስቱዲዮ ወረደ፣ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገና የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ፓንክ ሮክ የሚጫወት የከተማው ልጅ ሁሉ ጊታር ያነሳው የ«ሚስማር» ባንድን ሁለተኛ አልበም ሰምቶ ነው። ያ አልበም ዛሬ ድምፁ ጸድቶ እንደገና ሊወጣ ነው፤ ድምፃዊ ተብሎ የተጻፈውም ጊታር መቺው ናሆም ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ! የዘፈነችው እኮ ማራማዊት ነበረች። ቀረጻው ባለቀ ሰሞን፣ ልምምድ ላይ፣ «ናሆም፣ ማይኩ እየነዘረኝ ነው» ስትለው፣ የተላጠውን ሽቦ እያየ «ቀጥዪ ባክሽ» ያላት እሱ፤ ከቀብሯ መልስ ድምፅዋን አጥፍቶ የራሱን የጫነባትም እሱ።

ግን አንድ ነገር ረስቷል። «ሚስማር» የሚቀረጸው ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ፣ አንድ ላይ እየጮኸ ነበር፤ የእሷን ማይክ ቢያጠፋም ጩኸቷ በድራሙ ማይክ ገብቶ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ የሰማው ከድራሙ ሲምባል ኋላ ትንፋሽ ነው። ቆረጠው። ትንፋሹ በቤዝ ጊታሩ ውስጥ መጣ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፤ ያንንም ሲቆርጠው በገዛ ጊታሩ ውስጥ መጣ፣ በስፖንጅ በተሸፈነው ግድግዳ የእርጥበት ሽታ ላይ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ እየጨመረ።

«ጌዲ፣ ይሰማሃል?» አለው አዲሱን ድምፅ ቀራጭ ጌዲዮንን። ጌዲዮን የድሮውን ጉድ አያውቅም።

«ምኑ? አሪፍ ነው እኮ!»

ናሆም ከወንበሩ ተነሳ። ይህቺ ድምፅ ከወጣች ስሙ አፈር ሊበላ ነው፤ ስለዚህ በላይዋ ደግሞ ሊጮህባት ወሰነ። ወደ መዝፈኛዋ ጠባብ ክፍል ገብቶ ከባዱን በር ዘጋና ማይኩ ፊት ቆመ።

ድራሙ ፈነዳ፣ ናሆም አፉን ከፈተ፣ በማዳመጫው የመጣው ግን የማራማዊት ድምፅ ነበር፣ ጥርት ብሎ፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ እያረፈ። በሩን ገፋው፤ አልንቀሳቀስ አለ። «ጌዲ፣ አውጣኝ!» ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፤ ምንም ድምፅ አልወጣውም። እሰይ፣ ደግ አደረገች!

ከመስታወቱ ማዶ ጌዲዮን ራሱን በምቱ እየነቀነቀ፣ ከናሆም ትከሻ ጀርባ ወዳለው ባዶ ጥግ ፈገግ አለ። ከዚያ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

«ናሆሜ፣ ይቅርታ፣ ያንተን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ፤ የእሷ ይበቃል።»