ጋቢው ላይ የደረደርኳቸው ፎቶዎች

ቆራቢ ነኝ፤ በእርጅናዬ ውሸት ይዤ ፈጣሪዬ ፊት አልቀርብም። ይህ በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

መንደሬ ብልባላ ነው። 1992 ዓ.ም.፣ የግንቦት ሚካኤል ማግስት፣ እሑድ። ከቅዳሴ ተመልሼ... ቀን ስድስት ሰዓት ላይ።

ልጄ ምሥጋናው ባድመ ዘምቶ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ወሬው ጠፍቶብኛል።

ጓደኛው ደርበው ክንዱን ቆስሎ ለእረፍት ሲመጣ አራት ፎቶ አመጣልኝ።

"እማማ ንጋት፣ ይኸው ጎረምሳዎ! ታንኩን እንደ በቅሎ ሲያሻሸው ነው የሚውል።"

"ደኅና ነው ልጄ?"

"ስለየው ደኅና ነበር" አለኝና ወጣ። ዓይኔን አላየኝም።

አንዱ ላይ ታንክ ተደግፏል። አንዱ ላይ የወታደር መኪና ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ላይ ደግሞ ጣሪያው የተገነጠለ፣ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ መንደር አለ። ልጄ ፊት ለፊት ቆሞ ይስቃል።

አፈር እንዳይነካቸው ብዬ የልጄን ጋቢ መደቡ ላይ አነጠፍኩና ደረደርኳቸው።

ጎረቤቴ ሸጌ ገባች። ደረቷን ያዘች።

"ንጋት! ምን ነካሽ?"

"ምን ሆንኩ?"

"አንሺው! ልብስ ተነጥፎ ፎቶ የሚደረደረው ለማነው?"

ያኔ ገባኝ። እኛ አገር እንዲህ የሚደረገው በሩቅ ሞቶ ሬሳው ላልመጣ ነው። በልብሱና በፎቶው ይለቀስለታል።

ደስታ አሳወረኝ። ልጄን በገዛ እጄ...

ላነሳቸው አጎነበስኩ።

ታንኩ አለ። ልጄ የለም።

"ሸጌ... እዚህ ጋ አልነበረም?"

"እኔ እንጃ" አለች በሹክሹክታ። "ገና መግባቴ ነው።"

መኪናው ላይም የለም። በፈረሰው መንደር በአንደኛው ፎቶም የለም።

አራተኛው ላይ... አለ። ግን ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጣሪያ የሌለው ቤት ሊገባ፣ አንድ እግሩ ደፉን ረግጧል።

"ምሥጋናው! ተመለስ ልጄ!"

"አትጥሪው" አለች ሸጌ። "በእመቤታችን... አትጥሪው።"

ዓይኔን ጨፍኜ አማተብኩ። ስገልጥ ፎቶው ውስጥ ያለው በር ባዶ ነው።

ጋቢውን ይዤ ሳብኩ። አልመጣም። ሸጌም አብራኝ ሳበች። ከበደን... ሰው ተጠቅልሎበት የተኛ ያህል።

ከዚያ ጋቢው መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ ከፍ አለ።

ዝቅ አለ።

ከፍ አለ...

ዝቅ አለ።

ጠበቅኩ። ፀሐይዋ ከደጃፌ ላይ እስክትሸሽ ጠበቅኩ...

ከፍ አላለም።